ያለንና ያለብን፦ የንግድ ዜና በሁለት ዓምድ ሲነበብ

ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ጨዋታ ስለ ገንዘብ ነው። የቁማሩን ገንዘብ ማለቴ አይደለም። በየዜናው «ከሰረ»፣ «አተረፈ»፣ «ምንዛሪው ወረደ» እየተባለ ስለሚወራለት፣ ከእኛ ኪስም ጋር ስለሚገናኘው ገንዘብ ነው።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከአንድ ታክሲ ነጂ ወዳጄ ጋር ቡና ይዘን ተቀመጥን። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምላቸው። ከኪሳቸው አንድ የባንክ ደብዳቤ አወጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ባንኩ ቤትህን አስይዘህ መቶ ሺህ ዶላር ውሰድ ይለኛል። ዶላር አገር ቤት እንዴት እንደ ወጣ ታያለህ። አዲስ አበባ አንድ አፓርታማ ብገዛበት፣ ኪራዩ ዕዳውን እየከፈለ ቤቱ የእኔ ሆኖ ይቀራል። አንተ መሐንዲስ ነህ፤ እስቲ ስሌቱን ሥራልኝ» አሉኝ።

መሐንዲስ መሆኔ እውነት ነው፤ ግን የሂሳብ አዋቂ አይደለሁም። ከትምህርት ቤት የማስታውሰው አንድ የምሕንድስና ኢኮኖሚክስ ኮርስ ብቻ ነው። የቀረውን ያስተማረኝ የራሴ ውድቀት ነው። ብልህ ከሰው ስህተት ይማራል፣ ሞኝ ከራሱ ይባል የለ? እኔ ከሁለተኞቹ ወገን ነኝ። እናንተ ግን ከመጀመሪያዎቹ እንድትሆኑ ይህን እጽፋለሁ።

ሁለቱ ዓምዶች

የሂሳብ ሥራ ሁሉ የሚቆመው በአንዲት መስመር ላይ ነው፤ ሀብት ማለት ዕዳ ሲደመር የባለቤቱ ድርሻ ነው። በግራ በኩል ያለንን እንጽፋለን፤ በቀኝ በኩል ያለብንን። ልዩነቱ የእኛ ነው። ኩባንያዎች በየሩብ ዓመቱ የሚያወጡት የሀብትና ዕዳ መግለጫ ከዚህች መስመር የተሠራ ነው። ይህችን የያዘ ሰው የንግድ ዜናን ግማሽ ያህል ያለ አስተርጓሚ ያነባል።

ልብ በሉ፤ ከሦስቱ ውስጥ ዋጋው በገበያ የሚናወጠው ሀብቱ ነው። ዕዳው ውል ስለሆነ ገበያ ወረደ ብሎ አይቀንስም። ስለዚህ ሀብቱ ሲወርድ ጉዳቱን የሚሸከመው የባለቤቱ ድርሻ ብቻ ነው። ፈረንጆቹ በብድር ሀብት ማግዛትን «ሌቨሬጅ» ይሉታል፤ ከመፈንቅል የመጣ ቃል ነው። መፈንቅል በትንሽ ጉልበት ትልቅ ድንጋይ ያነሣል፤ ድንጋዩ ሲመለስ ግን ጫፉን የያዘውን ሰው ያስፈነጥረዋል።

የእኔ መፈንቅል

በ2006 (የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) እዚሁ ቬጋስ በ320 ሺህ ዶላር ቤት ገዛሁ። ከኪሴ ያወጣሁት 16 ሺህ ነበር፤ 304 ሺሁ ብድር ነው። ብድሩም ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወለዱን ብቻ የሚከፈልበት ዓይነት ነበረ። በዚያን ጊዜ ቤት በየወሩ ይጨምር ስለነበር ራሴን እንደ ብልህ ነጋዴ ቆጠርኩ። ስሌቱ እኮ ያማልላል፤ ቤቱ አምስት በመቶ ቢጨምር 16 ሺህ አተርፋለሁ፤ ያወጣሁት ገንዘብ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ቤቱ አምስት በመቶ ቢቀንስ ያወጣሁት በሙሉ እንደሚጠፋ ግን አልጻፍኩትም።

የሆነውን ታውቃላችሁ። የላስ ቬጋስ የቤት ዋጋ ከ2006 ጣሪያው እስከ 2012 መጀመሪያ ድረስ ከ60 በመቶ በላይ ወረደ። በኔቫዳ ሞርጌጅ ካለባቸው ቤቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዕዳቸው ከዋጋቸው በለጠ። በ2011 የእኔ ቤት 130 ሺህ ያወጣ ነበር፤ ዕዳው ግን ያው 304 ሺህ። የባለቤቱ ድርሻ፦ ከዜሮ በታች 174 ሺህ ዶላር። ግንባታ ስለቆመም የሲቪል መሐንዲስ ሥራ አብሮ ቆመ፤ እኔም ተቀነስኩ። በመጨረሻ አበዳሪው ከዕዳው ባነሰ ዋጋ እንዲሸጥ ተስማማና ቁልፉን አስረከብኩ። ለካ የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚባለው ለካፒታልም ነው።

ያው ነገር፣ ዜሮው ሲበዛ

ይህ የእኔ የብቻዬ ሞኝነት እንዳይመስላችሁ። በጥር 2008 አፖሎ እና ቲ ፒ ጂ የተባሉ ሁለት የኢንቨስትመንት ድርጅቶች ሃራስ የተባለውን ትልቅ የካዚኖ ኩባንያ (በኋላ ስሙን ሲዘርስ ያለውን) ዕዳውን ጨምሮ ወደ 30 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ሂሳብ ገዙት። አብዛኛው ገንዘብ ብድር ነበር፤ ብድሩም የተጻፈው በተገዛው ኩባንያ ላይ ነው። ወዲያው የኢኮኖሚው ቀውስ መጣና እንግዳው ቀነሰ።

የሚገርመው ግን ካዚኖዎቹ ቆይተውም ሰው አላጡም። እኛ ከደጃቸው መንገደኛ ስንጭን መብራቱ እንደ በራ፣ ጠረጴዛው እንደ ሞላ ነበር። ሆኖም በጥር 2015 የኩባንያው ዋና ክፍል 18 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ተሸክሞ ከፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። «ሰው እየሞላ እንዴት ይከስራል?» ብለን ተደንቀን ነበር። መልሱ የሥራ ትርፍና የመጨረሻ ትርፍ የተለያዩ መሆናቸው ነው። ከሽያጭ ላይ ደመወዝ፣ ምግብ፣ መብራት ሲቀነስ የሚተርፈው የሥራ ትርፍ ነው። ከዚያ ላይ ወለድ ይቀነሳል። ሥራው ጤነኛ ሆኖ ወለዱ ሊበላው ይችላል። ስለዚህ «ገቢው ጨመረ» የሚል ዜና ስታነቡ ወለዱ ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ።

ማን ተረፈ?

ጋሼ ቤታቸውን የገዙት በ2004 ነው። ዋጋው በእሳቸውም ላይ ከዕዳው በታች ወርዶ ነበር። ግን አልሸጡም። ምክንያቱም ብድራቸው የ30 ዓመት፣ ወለዱም የማይለዋወጥ ነበርና የወር ክፍያቸውን ከታክሲው እየቆጠቡ ከፈሉ። ወረቀት ላይ ከሥረው ነበር፤ እጅ ላይ ግን የወሩን የሚከፍሉት አላጡም። የከተማው የቤት ዋጋ ወደ 2006 ደረጃው የተመለሰው በ2021 ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት መሆኑ ነው። እሳቸው ጠበቁና ደረሱበት፤ እኔ መጠበቂያ አልነበረኝም።

ይህ ሁለተኛው ትምህርት ነው። ሰውንም ኩባንያንም ቶሎ የሚጥለው የሀብት ማነስ ሳይሆን የክፍያ ቀን ሲደርስ እጅ ላይ ጥሬ ገንዘብ ማጣት ነው። በመጋቢት 2020 ካዚኖዎች ተዘግተው እስከ ሰኔ 4 ሲቆዩ የከተማችን ሰው ይህን በሚገባ አየው። ባለ ቤቱም ባለ መኪናውም የዕለቱን አጣ።

ሁለት ገንዘብ፣ አንድ ዕዳ

እስካሁን ሀብቱም ዕዳውም በዶላር ነበሩ። የጋሼ ዕቅድ ግን አንድ ነገር ይጨምራል፤ ዕዳው በዶላር፣ ገቢው በብር ነው። እዚህ ላይ የአገር ቤቱ ዜና ይገባል።

ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ቦንድ ለውጭ ገዥዎች ሸጠች። በታኅሣሥ 2023 ግን የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ መክፈያ ቀን ሲደርስ ሳትከፍል ቀረች። መንግሥት ያኔ የሰጠው ምክንያት አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ለማየት ነው የሚል ነበር፤ አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ክፉኛ አጥሯት እንደነበረ ግን የተሰወረ አይደለም። መንግሥት ግብር የሚሰበስበው በብር ነው። ብር ማተም ይቻላል፤ ዶላር ግን ቡናና ወርቅ ሸጦ፣ ከእኛም ሐዋላ ተቀብሎ ካልሆነ አይገኝም።

በሐምሌ 29 ቀን 2024 የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ ዓመቱ ሳያልቅም ከ120 በላይ ሆነ። «በጥቁር ገበያ እኮ ቀድሞም እዚያ ደርሶ ነበር» የሚል አይጠፋም፤ ልክ ነው። በአንድ ሌሊት ይሁን ቀስ በቀስ፣ መንገዱ ግን ያው ነው። በ2010 ከመስከረሙ ቅነሳ በኋላ ዶላር በ16 ብር ገደማ ነበር፤ ከ2017ቱ ቅነሳ በኋላ 27 ደረሰ።

የዚህን ውጤት በኩባንያ ላይ ለማየት ሳፋሪኮምን ተመልከቱ። በኢትዮጵያ ደንበኛው እየጨመረ ሳለ፣ ብሩ ከወረደ በኋላ ባወጣው የግማሽ ዓመት ሂሳብ የቡድኑ ትርፍ ቀነሰ። ደንበኛው የሚከፍለው በብር ነው፤ ከግዴታዎቹ ከፊሎቹ ግን በውጭ ገንዘብ የተዋዋላቸው ናቸው። ብሩ ሲወርድ ሥራው ሳይበላሽ ዕዳው በብር ሲቆጠር አበጠ። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይህ ነው።

ወደ ጋሼ ደብዳቤ

አሁን የወረቀት መሐረብ ሳብኩና ሁለት ዓምድ አሰመርኩ። ቤታቸው 430 ሺህ ያወጣል፤ ቀሪ ዕዳቸው 110 ሺህ ነው። ድርሻቸው 320 ሺህ። መቶ ሺሁን ወስደው አፓርታማ ቢገዙ ሀብታቸው 530 ሺህ፣ ዕዳቸው 210 ሺህ ይሆናል። ድርሻቸውስ? ያው 320 ሺህ።

«እንዴ! ምንም አልጨመረም?» አሉ።

«ምንም። ብድር ሀብታም አያደርግም፣ ጋሼ። የጨመረው መፈንቅሉ ነው» አልኳቸው።

ቀጥለን ኪራዩን አሰብን። ለስሌት እንዲቀለን ገዥው ቤቱን የገዛው ዶላር 57 ብር ሳለ ነው እንበል፤ ኪራዩም በወር 57 ሺህ ብር፣ ማለትም አንድ ሺህ ዶላር ነው። የብድሩ ወለድ ስምንት በመቶ ቢሆን በወር 667 ዶላር ይከፈላል። 333 ዶላር ይተርፋል፤ ደስ ይላል። ዶላር 114 ብር ሲገባ ግን ያው 57 ሺህ ብር 500 ዶላር ነው። አሁን በየወሩ 167 ዶላር ከኪስ ይጨመራል። ያውም ዋናው ብድር ገና ሳይነካ ነው፤ ወለዱም እንደ ገበያው ከፍና ዝቅ የሚል ነው።

«ኪራይ እጨምራለሁ ዋ!» አሉኝ። ይህ ተገቢ መልስ ነው። ብር ሲወርድ ኪራይም የቤት ዋጋም በብር መውጣታቸው አይቀርም፤ ቤት ብርን በባንክ ከማስቀመጥ ይሻላል የሚባለውም ለዚህ ነው። ግን ኪራዩ ምንዛሪውን እየተከታተለ በዚያው ወር አይወጣም። በ2024 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ደግሞ ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን እንዲገደብ ያዛል። የቬጋሱ ባንክ ይህን ሁሉ አያውቅልንም፤ እሱ የሚያውቀው የወሩን መጀመሪያ ነው።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኋቸው፦ «አዲስ አበባ ያለው ቤት ለአንድ ዓመት ሰው ባይከራየው፣ 667ቱን ዶላር ከታክሲው ብቻ መክፈል ይችላሉ?»

ዝም ብለው ቆዩ። «ዘንድሮ ምናልባት። እንደ 2020 ያለ ዓመት ቢመጣ ግን አልችልም። ያን ጊዜ የሚወስዱት ደግሞ የአዲስ አበባውን ሳይሆን ልጆቼን ያሳደግኩበትን ይህን ቤት ነው» አሉ። ቀጠሉና «እውነቱን ልንገርህ፤ ለኪራይ ብዬም አይደለም። ሳረጅ የምገባበት ቤት እንዲኖረኝ ነው» አሉኝ።

ይህማ ሌላ ነገር ነው። የሰው ናፍቆት በዓምድ አይገባም፤ እኔም ያው ናፍቆት አለብኝ። ግን ስሙን ካገኘን ሂሳቡም ይስተካከላል። የምንኖርበት ቤት ኪራይ አያስገባም፤ ስለዚህ «ራሱን ይከፍላል» ልንል አንችልም። በራስ ቁጠባ፣ በአቅም ልክ፣ ምናልባትም አነስ ያለው ይገዛል እንጂ የልጆች መኖሪያ አይያዝበትም።

ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ከባለቤቴ ጋር እመክራለሁ» ብለው ተነሡ። ምን እንደሚወስኑ አላውቅም፤ ውሳኔው የእሳቸው ነው።

ለእናንተ ግን የማቀብላችሁ ይህን ነው። የኩባንያም ሆነ የአገር የገንዘብ ዜና ስታነቡ፣ የራሳችሁንም ደብዳቤ ስትፈርሙ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ያለው ስንት ነው፣ ያለበትስ? መክፈያው መቼ ነው፣ የዚያን ቀን እጅ ላይ ምን ይኖራል? ዕዳው በምን ገንዘብ ነው፣ ገቢውስ? እኔ በ2006 ከሦስቱ አንዱን እንኳ ብጠይቅ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው በሆነ ነበር።

ለዛሬው በዚህ ይብቃን። ቸር ወሬ ያሰማን።

ላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ