አሮጌውና አዲሱ የዒላማ ሽጉጥ

የዒላማ የአየር ሽጉጥ በ10 ሜትር ርቀት ላይ ወደ ተሰቀለ ወረቀት በአንድ እጅ ይዞ ለመተኮስ ብቻ የተሠራ መሣሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1988ቱ የሶል ጨዋታ ጀምሮም በኦሎምፒክ መርሐ ግብር ገብቶ ይገኛል። የአፈሙዙ ስፋት 4.5 ሚሊሜትር፣ አሥር ነጥብ የምታስገኘው ማዕከላዊ ክብ 11.5 ሚሊሜትር መሆኗን፣ የምላጩም ክብደት ከ500 ግራም እንዳያንስ ሕጉ ማዘዙን ከተናገርን ስለ ውድድሩ ሥርዓት ይበቃናል።

በዚህ መሣሪያ ወዳጆች መካከል ከተዘሩት ኑፋቄዎች ሁሉ ሥር የሰደደው፣ የቀድሞው ሽጉጥ ዒላማ ይስታል፣ የዛሬው ግን በራሱ ነጥብ ይጨምራል የሚለው ነው። ገንዘብ ያለው ጀማሪ ይህን ሰምቶ ከ1,500 ዩሮ በላይ አውጥቶ አዲሱን ይገዛል፤ ዳሩ ግን ጥይቷ እንደ ልማዷ ወደ ግራና ወደ ታች ስትወርድበት፣ ምላጩን የሚነጥቅ ጣቱን መገሠጽ ሲገባው ማነጣጠሪያውን በመፍቻ ሲያሠቃይ ይውላል።

ለዚህ ክርክር በምስክርነት የምጠራው በኔካር ወንዝ ዳር በምትገኘው የጀርመን ከተማ በኦበርንዶርፍ የተሠራውን ፋይንቬርክባው 65ን ነው። ኦበርንዶርፍ በእኛም አገር ስሙ የታወቀው የማውዘር ጠመንጃ የትውልድ ስፍራ ስትሆን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋብሪካው ፈርሶ ባለሙያዎቹ በተበተኑ ጊዜ፣ ካርል ቬስቲንገርና ኤርንስት አልተንቡርገር የተባሉ ሁለት የማውዘር መሐንዲሶች ያቋቋሙት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1965 ይህን ሽጉጥ አወጣ፤ ሠላሳ ዓመት ያህልም ሲሠራው ኖረ።

የዚህ ሽጉጥ ክብር ርግጫን ባሸነፈበት ጥበብ ላይ ነውና ነገሩን ሰፋ አድርጎ መተንተን ይገባል። በሞላ የሚሠራ ተራ የአየር ሽጉጥ ምላጩ በተሳበ ጊዜ፣ ታምቆ የነበረው ሞላ ከባዱን ፒስቶን ወደ ፊት ይሰድደዋል፤ ፒስቶኑ ወደ ፊት ሲሮጥ የሽጉጡ አካል ወደ ኋላ ይገፋል፤ ፒስቶኑ ከፊቱ ባመቀው አየር ላይ ሲያርፍ ደግሞ አካሉ ተመልሶ ወደ ፊት ይነጥራል። ይህ ሁሉ መናወጥ የሚጀምረው ጥይቷ ገና ከአፈሙዙ ሳትወጣ ስለሆነ፣ የያዘው እጅ ጥቂት እንኳ ላላ ወይም ጠበቅ ቢል ጥይቷ መንገዷን ትለውጣለች። በባሩድ ሽጉጥ ግን የርግጫው አብዛኛው ክፍል እጅን ሳይደርስ ጥይቱ ወጥቶ ሄዷል፤ ስለዚህ ድምፁ ደካማ፣ ኃይሉም ትንሽ የሆነው የአየር ሽጉጥ አያያዝን ከባሩዱ ይልቅ አጥብቆ ይፈትናል።

ለዚህ ደዌ የተገኘው መድኃኒት አንድ ብቻ አልነበረም። ዲያና የተባለው ፋብሪካ በኩርት ጊስ የፈጠራ ሐሳብ ሁለት ፒስቶኖችን በተቃራኒ አቅጣጫ በአንድ ቅጽበት አስሩጦ፣ የአንዱ ግፊት የሌላውን እንዲሽረው አደረገ። የኦበርንዶርፍ ሰዎች ግን ርግጫውን ሊያጠፉት ሳይሞክሩ መሄጃ መንገድ ሰጡት። በጎን ያለው ረጅም ማንሻ ተስቦ ሞላው ከታመቀ፣ ጥይቷም በጣት ከአፈሙዙ ሥር ከገባች በኋላ ምላጩ ሲሳብ፣ ፒስቶኑ በሚለቀቅበት ቅጽበት አፈሙዙንና ሲሊንደሩን ከእጀታው ጋር ያቆራኘው መቆለፊያ አብሮ ይለቀቃል፤ የላይኛውም አካል በሐዲዱ ላይ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። በአንድ የተኳሾች ማኅበር አዳራሽ አንዲት ጀርመናዊት አዛውንት ሲተኩሱ ከጎናቸው ቆሜ ስመለከት፣ ያ ብረት ሸርተት ማለቱን በዓይኔ አየሁ፤ የእጃቸው አንጓ ግን አልተነቃነቀም። አዲሱን ለምን እንደማይገዙ ብጠይቃቸው፣ «እሱን የሚሞላልኝ ማን ነው? ይህን ግን እኔው እሞላዋለሁ» አሉኝ።



የዛሬዎቹ፣ ለምሳሌ የኦስትሪያው ሽታየር ኤል ፒ 10 ወይም የስዊዘርላንዱ ሞሪኒ ሲ ኤም 162፣ ኃይላቸውን የሚያገኙት ከአፈሙዙ ሥር በተገጠመች ሲሊንደር ውስጥ እስከ 200 ባር ከታመቀ አየር ነው፤ የሚሮጥ ከባድ ፒስቶን ስለሌላቸውም በአሮጌው የተተነተነው ደዌ ከመሠረቱ አይነካቸውም። የእጀታቸው ማዕዘን ይስተካከላል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ምላጭ ያላቸውም አሉ። 60 ጥይት ለሚተኩስ ተወዳዳሪ፣ ማንሻ በመሳብ ክንዱን አለማድከሙ ታላቅ ጸጋ ነውና ይህን መካድ ግብዝነት ይሆናል። ነገር ግን ደኅና የተያዙትን አሮጌና አዲስ በማሰሪያ ላይ አጥብቆ የሚተኩስ ሰው፣ የሁለቱም ጥይቶች ከአሥሩ ክብ ሳይወጡ እርስ በርሳቸው ሲደራረቡ ያያል፤ አዲሱ ድካምን ያቀላል፣ የጎደለውን ነጥብ የሚሞላው ግን ልምምድ ነው።

በዋጋ ረገድ ያገለገለው 65 በጥቂት መቶ ዩሮ ይገኛል። በውስጡ ያሉት የፕላስቲክ ማኅተሞች በዕድሜ ብዛት፣ ሽጉጡ ሳይተኮስበት ተቀምጦም ቢሆን፣ ስለሚፈረካከሱ የማስለወጫ ገንዘብ መጨመር ግድ ነው። አዲሱም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም፤ የአየር ሲሊንደሩ በሠሪው የተወሰነለት ዘመን፣ ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት፣ ሲያልፍ በውድድር አያገለግልም።

አሮጌውን የሚገድሉት ከዘመን ይልቅ ባለቤቶቹ ናቸው። ሲሊንደሩ ውስጥ የማሽን ዘይት የሚያንጠባጥብ ሰው፣ ዘይቱ በታመቀው አየር ሙቀት ተቀጣጥሎ ማኅተሙን እንደሚያቃጥልበት ይወቅ፤ ለወዳጆቹ ለማሳየት ያለ ጥይት የሚተኩሰውም፣ ፒስቶኑ የሚያርፍበት የአየር ትራስ ስለሚያጣ ብረትን ከብረት ጋር ማጋጨቱን ያስተውል።

እንግዲህ ለሚጀምርና በቤቱ ለሚለማመድ ሰው አሮጌውን፣ በየሳምንቱ ለሚወዳደር ግን አዲሱን እመክራለሁ። አሮጌውን የሚገዛ ማኅተሙ መቼ እንደተለወጠ ይጠይቅ፤ ያገለገለ አዲስ የሚገዛም እጀታውን ከማድነቁ በፊት በሲሊንደሩ ላይ የተቀረጸውን ቀን ያንብብ።