ማሞቂያ ለኖርዌይ

ድምፃውያን በስቱዲዮ ውስጥ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው ተራ በተራ ያዜማሉ። በመካከሉ የችግረኞች ምስል ይገባል፤ ዜማው ከፍ ይላል፤ ተመልካቹ እጁን እንዲዘረጋ ይለመናል። በዚህ ቪዲዮ ላይ ግን ድምፃውያኑ አፍሪካውያን ናቸው፤ ችግረኞቹ ደግሞ በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱና በብርድ የሚንቀጠቀጡ ኖርዌያውያን። የአፍሪካ ሕዝብ የቤት ማሞቂያውን አሰባስቦ ወደ ሰሜን እንዲልክላቸው ይጠየቃል።

«ራዲ-ኤድ» የተባለው ይህ ቪዲዮ የወጣው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2012 ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች አዩት። ያሠራው በ1961 የተመሠረተውና ራሱም በአፍሪካና በላቲን አሜሪካ ትምህርትን የሚደግፈው የኖርዌይ ተማሪዎችና ምሁራን የእርዳታ ድርጅት ነው። አዘጋጆቹ ለተመልካቹ ያነሡት ጥያቄ ቀላል ነበር፦ አንድ አፍሪካዊ ስለ ኖርዌይ በሕይወቱ ያየው ይህን ቪዲዮ ብቻ ቢሆን፣ ስለ አገሪቱ ምን ያውቃል? ብርዱ እውነት ነው፤ በረዶው ላይ የሚወድቅ ሰው መኖሩም እውነት ነው። ሆኖም ከዚያ ተነሥቶ ኖርዌይን አውቃለሁ የሚል ሰው ቢኖር ኖርዌያውያን ዝም አይሉትም። የስላቁ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው። በዝነኞች የሚመራውን የቴሌቪዥን የእርዳታ ጥሪ ቃል በቃል ይከተላል፤ የሚለውጠው ለማኙንና ተለማኙን ብቻ ነው።

ስላቁ የሚነቅፈው የልመና ዓይነት መነሻው ሩቅ አይደለም። መነሻው በሰሜን ኢትዮጵያ የሚገኘው ኮረም ነው።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ የጋዜጠኛ ማይክል ቡርክን የረሃብ ዘገባ ከኮረም አስተላለፈ። ምስሉን የቀረጸው ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ነበር። ዘገባው ዓለምን አስነሣ። አየርላንዳዊው ድምፃዊ ቦብ ጌልዶፍ ከስኮትላንዳዊው ሚጅ ዩር ጋር ሆኖ የጊዜውን ታዋቂ ዘፋኞች ሰበሰበ፤ «ባንድ ኤድ» ተባሉ፤ የእርዳታ ማሰባሰቢያ ዘፈናቸውንም ለንደን ውስጥ ኅዳር 16 ቀን 1977 ዓ.ም. ቀረጹት። ሐምሌ 6 ቀን ደግሞ በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው «ላይቭ ኤድ» የተባለው ኮንሰርት ተከተለ። ባንድ ኤድ በአርባ ዓመት ውስጥ ከ140 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አሰባስቧል። እህል ደርሷል፤ መድኃኒት ደርሷል፤ ሰው ተርፏል። ይህን የሚክድ ትችት የኮረምን እናቶች አያከብርም።

የዘፈኑ ርዕስ ግን በችግር ላይ ያሉት ሰዎች የገና በዓል መድረሱን ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል። ዘፈኑ ከመቀረጹ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ኅዳር 15፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ጾመ ነቢያትን ጀምረው ነበር። ይህ ጾም የሚፈታው በገና ዕለት ነው። ክርስትና ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት የገባው በንጉሥ ኢዛና ዘመን፣ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበር፤ በየዓመቱ ታኅሣሥ 29 የገና ቤዛ ኵሉ የሚዘመርበት ላሊበላም እዚያው ወሎ ውስጥ ነው። በአካባቢው ከተራቡት መካከል ብዙ ሙስሊሞችም ነበሩ። ለዘፈኑ ግጥም የጻፉት ሰዎች ክፋት አልነበረባቸውም፤ የሚረዱት ሕዝብ ማን እንደሆነ ግን አልጠየቁም። ለመጠየቅ ደግሞ አንድ የስልክ ጥሪ ይበቃ ነበር፤ በዚያው በለንደን ኢትዮጵያውያን ይኖሩ ነበርና።

ካሜራው የተወው ሌላም ነገር አለ። ድርቁ ብቻውን ያን ሁሉ ሰው አልገደለም። በትግራይና በሰሜን ወሎ ጦርነት ነበር፤ የመንግሥት ጦር ዘመቻና የገበያ መንገዶች መዘጋት ረሃቡን አባብሰውታል። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከወራት አስቀድሞ ለለጋሽ አገሮች አስጠንቅቆ ነበር፤ ደርግ ግን በዚያው ዓመት መስከረም የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድምቀት አከበረ። በዝነኞቹ ጥሪ ውስጥ ይህ ሁሉ ቦታ አላገኘም፤ ረሃቡ ከሰማይ የወረደ መቅሠፍት ሆኖ ቀረበ። በኮረም መጠለያ ውስጥ ሌት ተቀን ሲደክሙ የነበሩት ኢትዮጵያውያን ነርሶችና የኮሚሽኑ ሠራተኞች ስማቸው እንኳ አልተነሣም።

የዚህ ውጤት በቁጥር ተለክቷል። ቪኤስኦ የተባለው የብሪታንያ የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ጥናት፣ ከመቶ 80 የሚሆኑት ብሪታንያውያን ታዳጊ አገሮችን አጥብቀው የሚያያይዙት ከረሃብ፣ ከአደጋና ከምዕራባውያን እርዳታ ጋር መሆኑ ተገኘ። ላይቭ ኤድ ካለፈ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። በአሜሪካና በአውሮፓ የተማሩ የኢትዮጵያውያን ልጆች ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለጋቸውም፤ የአገራቸውን ስም በተናገሩ ቁጥር ስለ ረሃብ የሚቀለድባቸውን ቀልድ በክፍላቸው ውስጥ ሰምተውታል።

ከኮረም ዘገባ የተወለደ ሌላም ተቋም አለ። ደራሲው ሪቻርድ ከርቲስና ኮሜዲያኑ ሌኒ ሄንሪ በኢትዮጵያ ረሃብ ተነሣሥተው «ኮሚክ ሪሊፍ»ን መሠረቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የፈረንጆች ገና ዕለት ሱዳን ውስጥ ከሚገኝ የስደተኞች ካምፕ በቢቢሲ አስተዋወቁት። የመጀመሪያው «የቀይ አፍንጫ ቀን» የተካሄደው በፌብሯሪ 1988 ነው። አሠራሩ ይህ ነበር፦ ሌሊቱን ሙሉ ቀልድ ይቀርባል፤ በየመካከሉ አንድ ዝነኛ ወደ አፍሪካ ሄዶ የታመመ ወይም የተራበ ሕፃን አጠገብ ተንበርክኮ ሲያለቅስ የሚያሳይ አጭር ፊልም ይታያል፤ ስልኩ ይደወላል፤ ገንዘቡ ይቆጠራል። በዚህ መንገድ ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ተሰብስቧል።

ፕሮግራሙ ራሱን የነቀፈበት ጊዜም ነበር። በ2007 ኮሜዲያኑ ሪኪ ጀርቬይስ በአንድ የኬንያ ጎጆ ውስጥ ያለ መስሎ በሐዘን ድምፅ መለመን ይጀምራል። ትንሽ ቆይቶ ባልደረባው ስቲቨን መርቻንት ይገባል፤ ጎጆው የቢቢሲ ስቱዲዮ ሆኖ ይገኛል። ጌልዶፍና ድምፃዊው ቦኖ ሳይቀሩ በቀልዱ ተሳትፈዋል። ዝነኛው ለራሱ ስም ሲል እንደሚያለቅስ በግልጽ ተነገረ፤ ተመልካቹም ሳቀ። ነገር ግን የዚያኑ ዓይነት ፊልም መሥራቱ አልቆመም። ተቋሙ ራሱ ላይ መሳቁ አሠራሩን ለመለወጥ አላስገደደውም፤ ለለውጡ ግፊቱ ከውጭ መምጣት ነበረበት።

ግፊቱን ካመጡት አንዱ ያው የኖርዌዮቹ ቡድን ነው። በ2013 ባወጡት ፊልም አንድ ሕፃን ተዋናይ ይታያል፤ ሥራው በእርዳታ ማስታወቂያዎች ላይ ምስኪን ሆኖ መቅረብ ነው። በዚያው ዓመት ሽልማት መስጠት ጀመሩ፦ ለክቡር አቀራረብ «የወርቅ ራዲያተር»፣ ክብር ለሚነካው «የዛገ ራዲያተር»። በ2017 የዛገውን ያገኘው እንግሊዛዊው ዘፋኝ ኤድ ሺራን ለኮሚክ ሪሊፍ ከላይቤሪያ የሠራው ፊልም ነበር። በፊልሙ ላይ ሺራን በጎዳና ከሚያድሩ ልጆች ጋር ይገናኛል፤ አዝኖም ማደሪያቸውን ከኪሱ ልክፈል ይላል። ርኅራኄው የእውነት ነበር። ዳኞቹ የተቃወሙት የታሪኩ ባለቤት ዘፋኙ መሆኑን ነው፤ ላይቤሪያውያን ለልጆቻቸው የሚያደርጉት ነገር በፊልሙ ውስጥ አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ነገሩ ከስላቅ ወደ እውነተኛ ቁጣ ተሻገረ። የቴሌቪዥን አቅራቢዋ ስቴሲ ዱሊ ለኮሚክ ሪሊፍ ወደ ኡጋንዳ ሄዳ አንድ ሕፃን አቅፋ የተነሣችውን ፎቶ በኢንስታግራም ለጠፈች። የብሪታንያ የፓርላማ አባሉ ዴቪድ ላሚ ዓለም ተጨማሪ ነጭ አዳኞች አያስፈልጓትም ሲል ጻፈ። ክርክሩ አገሪቱን ከፈለ። በዚያ ዓመት የቀይ አፍንጫ ሌሊት ገቢ በ2017 ከነበረው 71 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወደ 63 ሚሊዮን ወረደ። ብዙዎች ጥፋቱን በላሚ ላይ ጣሉ፤ ትችቱ ከሕፃናት አፍ ጉርሻ ነጠቀ አሉ። ይህን ክስ ቀለል አድርጎ ማለፍ አይገባም፤ ገንዘቡ ሲቀንስ የሚጎዳው ሕፃኑ እንጂ ዝነኛው አይደለም። ሆኖም የሕፃኑ ፊት ሳይታይ ሰው የማይሰጥ ከሆነ፣ ያን ልማድ ለሠላሳ ዓመት ያስተማረው ማን እንደሆነም አብሮ መጠየቅ አለበት። ኮሚክ ሪሊፍ በ2020 ዝነኞችን ወደ አፍሪካ ልኮ መቅረጽ እንደሚያቆምና ፊልሙን ለአፍሪካውያን ባለሙያዎች እንደሚሰጥ አስታወቀ።

የተረጂዎቹን አሳብ የጠየቀም አለ። የኖርዌዩ ድርጅት ከኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት የአፍሪካ አገሮች የእርዳታ ማስታወቂያዎችን ለተረጂ ማኅበረሰቦች አሳየ፤ ውጤቱም በ2018 ወጣ። አብዛኞቹ ምስሎቹ ውሸት ናቸው አላሉም፤ ችግሩን በቤታቸው ያውቁታል። ያሳዘናቸው ከችግሩ ሌላ ምንም አለመታየቱ ነው። ሐኪም፣ አስተማሪ፣ የእርዳታ ሠራተኛ የሆነ አፍሪካዊም እንዲታይ ጠየቁ።

ጉዳዩ የፈረንጆች ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያም ቴሌቶን የተለመደ ሆኗል። እንደ መቄዶንያ ላሉ የእርዳታ ማዕከላት ታዋቂ ሰዎች በቀጥታ ስርጭት ገንዘብ ያሰባስባሉ፤ ሕዝቡም እንደ አቅሙ ይሰጣል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል። ግን ገመናውን ሸፍኖ መኖር በሚከበርበት አገር፣ የታማሚ እናት ፊት በቅርብ ተቀርጾ፣ ለቅሶዋ በሙዚቃ ታጅቦ ሲቀርብ፣ ፈቃዷን ማን ጠየቃት? ስትድን ወይም ሥራ ስትይዝ ያ ቪዲዮ በስልክ ሁሉ ላይ እየዞረ ይጠብቃታል። ልጆቿም ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ዕርዳታ ጠያቂዋ ምን እንዲነገርላት እንደምትፈልግ ከቀረጻው በፊት መጠየቅ፣ ስትፈልግም ፊቷን መከለል፣ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

የባንድ ኤድ ዘፈን አርባኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ በኖቬምበር 2024፣ ከቀደሙት ቅጂዎች የተቀነባበረ አዲስ ቅጂ ወጣ። የሺራን ድምፅ ከ2014ቱ ቅጂ ተወስዶ ገብቶበታል። ጋናዊ ዝርያ ያለው ብሪታንያዊ ድምፃዊ ፊዩዝ ኦዲጂ በ2014 ዘፈኑ ላይ እንዲሳተፍ ተጠይቆ እምቢ ብሎ ነበር፤ አፍሪካን በጉስቁልና ብቻ ያሳያል በማለት። ሺራን በ2024 የድምፁ መካተት ፈቃዱን ሳይጠየቅ የተደረገ መሆኑን ገለጸ፤ ቢጠየቅ ኖሮ በአክብሮት እምቢ እንደሚል ጽፎ፣ ግንዛቤው መለወጡን ለማስረዳት የፊዩዝ ኦዲጂን ጽሑፍ አያይዞ አጋራ።