ስለ ልብስ ማጠቢያ መኪና አመራረጥና አያያዝ

ከቤት ሥራዎች ሁሉ ልብስ አጥቦ ንጹሕ ማድረግ እጅግ አድካሚ መሆኑን የማያውቅ የለም። ቀድሞ በአዲስ አበባ ልብስ የሚታጠበው በየወንዙ ዳር ነበር፤ ሸማውም በእንዶድ ታሽቶ በሣር ላይ ይሰጣ ነበር። ከዚያም በኋላ ሳሙናና የቧንቧ ውኃ ቢመጡም የአጣቢዋ ወገብ አላረፈም። ዛሬ የልብስ ማጠቢያ መኪና በብዙ ቤት ገብቷል፤ ነገር ግን የገባበት ቤት ሁሉ ከድካም ዐርፏል ለማለት አይቻልም።

በልደታ ከ2000 ዓ/ም በኋላ ብዙው አሮጌ ሰፈር ፈርሶ ባለ ፎቅ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተዋል። በእነዚህ ቤቶች የሚኖር ሰው ሳፋ ዘርግቶ የሚያጥብበት ግቢ ስለሌለው መኪናው በጣም ያስፈልገዋል። ይሁን እንጂ በአንዳንድ ቤት ብዙ ብር የወጣበት መኪና ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ እናያለን፤ ልብሱም እዚያው አጠገቡ በሳፋ ይታጠባል። ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ መኪናው ለቤቱ የሚስማማ መሆኑ ሳይመረመር በመገዛቱ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ተብሏልና፤ ገዢ ወደ ሱቅ ከመሄዱ አስቀድሞ የገዛ ቤቱን ሦስት ነገር ይጠይቅ።

መጀመሪያ ስለ ውኃ ነው። የከተማችን ውኃ ከገፈርሳ፤ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፤ ደግሞም ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች የሚመጣ ሲሆን፤ በብዙ ሰፈር በፈረቃ ይታደላል። በፊት ለፊቱ በር ያለውና ሥራውን ሁሉ በራሱ የሚፈጽመው መኪና ለአንድ እጥበት 50 ሊትር ያህል ውኃ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ቁጠባው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ውኃው በቧንቧ ተገፍቶ እንዲገባለት ይፈልጋል፤ ውኃው በመካከል ቢቋረጥ ልብሱን በሳሙና እንደ ነከረ ይቆማል። ስለዚህ ይህ ዓይነቱ የሚስማማው ውኃ ለማይቋረጥበት ቤት፤ ወይም ከፍ ብሎ የተሰቀለ ሮቶ ላለው ቤት ነው። ሮቶው ከመኪናው ጋራ በአንድ ወለል ላይ የተቀመጠ እንደ ሆነ ግን ውኃውን የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ ያስፈልጋል።

ውኃ በሳምንት አንድና ሁለት ቀን ብቻ ለሚመጣበት ቤት ባለ ሁለት ገንዳው መኪና ይሻላል። በአንዱ ገንዳ ይታጠባል፤ በሁለተኛው ይጨመቃል። ልብሱን ከገንዳ ወደ ገንዳ የሚያዛውር ሰው አጠገቡ መቆም ግድ ቢሆንም፤ ውኃውን በባልዲ መሙላት ይቻላል፤ ነጩ የታጠበበትም ውኃ ለጥቁሩ ልብስ ሊያገለግል ይችላል። አንድ ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ይመዝናልና፤ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሞ ፎቅ ለሚወጣ ሰው ይህ ቁጠባ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ሁለተኛው ስለ ኤሌክትሪክ ነው። የአገራችን ኃይል 220 ቮልት በ50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ መኪና ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ስለ ሆነ፤ በስጦታ ቢገኝም እንኳ በጀርባው ያለውን ሰሌዳ ሳያነቡ አይሰኩት። ውኃውን የሚያሞቀው ክፍል 2000 ዋት ያህል ሲወስድ፤ በርሜሉን የሚያዞረው ሞተር ጥቂት መቶ ዋት ብቻ ይበቃዋል፤ ስለዚህ እምብዛም ያላደፈ ልብስ በቀዝቃዛ ውኃ ቢታጠብ ወጪው ይቀንሳል። መኪናውንና የእንጀራውን ምጣድ በአንድ ማካፈያ መሰካት እሳት ያስነሣል። መብራት በጠፋም ጊዜ ሶኬቱን ነቅሎ ኃይሉ ተመልሶ እስኪረጋ መቆየት ይገባል። ከሁሉ በላይ ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ መኖሩን ባለሙያ ይመርምር፤ ውኃና ኤሌክትሪክ በተገናኙበት ሥፍራ የሰው ሕይወት አለና።

ሦስተኛው ስለ ጥገና ነው። ከመኪናው መልክና ከቁልፎቹ ብዛት ይልቅ መለዋወጫው በከተማው መገኘቱና ጠጋኙ መታወቁ ይመረጣል። የሻጩም ዋስትና በጽሑፍ ይሁን፤ በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላልና። እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ አጠገብ የምንውል ሰዎች ደረሰኝ የጠፋበት ገዢ ምን ያህል እንደሚቸገር እናውቃለን። በ1952 ዓ/ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ የተረከበውን ዕቃ ቶሎ እንዲመረምር፤ ጉድለትም ቢያገኝበት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ስለዚህ መኪናው በገባበት ሰሞን አጥቦ መፈተን እንጂ፤ ለበዓል ይደርሳል ብሎ በካርቶኑ ማቆየት አይገባም።

ሲተከልም ጥንቃቄ ያሻል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1937 ዓ/ም ቤንዲክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሁሉን በራሱ የሚሠራውን መኪና ለቤት ባወጣ ጊዜ፤ መኪናው ሲጨምቅ እጅግ ስለሚንቀጠቀጥ ከወለሉ ጋራ በብሎን ይታሰር ነበር። የዛሬው መታሰር አያስፈልገውም፤ ነገር ግን በጠንካራ ወለል ላይ በውኃ ልክ ተስተካክሎ መቆም አለበት። ለመንገድ ሲባል በርሜሉ የታሰረባቸው የጀርባ ብሎኖችም ከመሠራቱ በፊት ይፈቱ፤ ሳይፈቱ የተነሣ መኪና ይሰባበራል።

አያያዙም እንደሚከተለው ነው። ከፈረቃ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ውኃ ዝገትና አፈር ስላለበት በባልዲ ይቀዳ፤ በመግቢያው ጎማ ጫፍ ያለችውም ትንሽ ወንፊት ትጠረግ። በፊት ለፊቱ ታች ያለው ማጣሪያ ሶኬቱ ተነቅሎ በየወሩ ይከፈት፤ ሳንቲም፤ ቁልፍና የፀጉር ሽቦ የሚከማቹት በዚያ ነው። ለእጅ እጥበት የተዘጋጀው የዱቄት ሳሙና አረፋው ስለሚበዛ በፊት ለፊቱ በር ላለው መኪና አይስማማም፤ ለመኪና የተባለውን በልኩ መጨመር ይበቃል። ከእጥበት በኋላ የበሩን ላስቲክ አድርቆ በሩን ገርበብ ማድረግ ሽታን ይከለክላል፤ ሕፃናት ባሉበት ቤት ግን በርሜሉ ውስጥ እንዳይገቡ ይጠበቁ።

ለአገራችን ልብስ ደግሞ የተለየ ሥርዓት አለው። ጋቢ አራት እጥፍ ስለ ሆነ ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ ስለዚህ መኪናው በደረቅ ሚዛን ይችላል የተባለውን ኪሎ ማለፍ አይገባም። ጋቢው ለብቻው ገብቶ በአንድ ወገን ቢከብድ መኪናው ይንገጫገጫልና፤ ሁለት ፎጣ አብሮ መጨመር ክብደቱን ያስተካክላል። ጥለት ያለው ነጠላም በመረብ ከረጢት ሆኖ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፤ ቀለሙ የሚለቅ ከሆነ ግን በእጅ ቢታጠብ ይሻላል።

እንግዲህ የቤቱ ጌታና እመቤት መኪናውን ሲገዙ ለማን ዕረፍት እንደሚገዙ ያስቡ። በየቅዳሜው ጎንበስ ብላ ስታሽ የምትውለው ሚስት፤ ልጅ ወይም ሠራተኛ ናት። ለቤቱ የሚስማማው መኪና ርካሽም ቢሆን የእርስዋን ቀን ይመልስላታል፤ የማይስማማው ግን ውድም ቢሆን ከሳፋው ሌላ የሚጠረግ ዕቃ ይጨምርባታል።