ዳታው ያለው እሱ ላፕቶፕ ላይ ነው

ስልካችሁ ታክሲ ውስጥ ቢሰረቅ መጀመሪያ የሚያንገበግባችሁ ዋጋው ነው። ቀጥሎ ፎቶዎቹ ትዝ ይሏችኋል። ባክአፕ አድርጋችሁ ከነበረ ግን አዲስ ስልክ ገዝታችሁ በዚያው አካውንት ስትገቡ ፎቶው፣ የሰው ቁጥሩ፣ ማስታወሻው አንድ በአንድ ተመልሶ ይመጣል። ስልኩ ሄደ እንጂ የውስጡ አልሄደም።

አሁን ደግሞ ይህን አስቡ። አንድ የመንግሥት ተመራማሪ ሦስት ክረምት ሙሉ ጭቃ ውስጥ ቆሞ የለካው የምርት መጠን፣ የአፈር ውጤትና የዝናብ ልኬት ያለው በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። የላፕቶፑ ሃርድ ዲስክ ተቃጠለ። አዲስ ላፕቶፕ በግዥ ጥያቄ ይመጣ ይሆናል፤ ያለፈው ክረምት ግን በግዥ ጥያቄ አይመጣም።

የመመረቂያ ጽሑፌን ስሠራ ይህን ነገር የተማርኩት በእግሬ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የመንግሥት ቢሮ ሄጄ የአንድ ወረዳ የሰብል ምርት ቁጥር ጠየቅኩ። ከሁለተኛ ፎቅ ወደ አራተኛ፣ ከአራተኛ ወደ ሁለተኛ ስመላለስ ዋልኩ። በመጨረሻ አንዲት ደግ ሴትዮ እውነቱን ነገሩኝ፦ «ልጄ፣ ዳታው ያለው እሱ ላፕቶፕ ላይ ነው። እሱ ደግሞ ለትምህርት ውጭ ሄዷል።» ሌላ ክፍል አዝነውልኝ አንድ የኤክሴል ፋይል በፍላሽ ሰጡኝ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ በቫይረስ ሾርትከት ሆኗል። ተመልሼ በኢሜይል አስላክሁት። ከሳምንት በኋላ ደግሞ የሌላ ክፍል ፋይል አገኘሁ፤ ያው ወረዳ፣ ያው ዓመት፣ ሌላ ቁጥር። «የትኛው ነው ትክክሉ?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ «ሁለቱም ከእኛ ነው የወጡት» ሆነ።

ያኔ በሰዎቹ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ሰዎቹ ምንም አላጠፉም። የሚሠሩበት ቤት ለመረጃ አንድ በር አልነበረውም።

ከወረር እስከ ጅማ

ነገሩ ለምን ከባድ እንደሆነ ለማየት የግብርና ምርምራችንን እንውሰድ። የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተ አንጋፋ ተቋም ነው። ሥራው አንድ ሕንፃ ውስጥ አያልቅም። ቁሉምሳ ስንዴ፣ ደብረ ዘይት ጤፍና ሽምብራ፣ መልካሳ ማሽላና ፍራፍሬ፣ ጅማ ቡና፣ ወረር ጥጥ፣ ሆለታ ገብስና የደጋ ሰብሎች ላይ ይሠራሉ። መበተኑ ግድ ነው፤ ቡናን ወረር በረሃ ላይ፣ ጥጥን ሆለታ ብርድ ላይ መሞከር አይቻልም።

ምርምሩ መበተን ካለበት መረጃውስ? ከባዱ ጥያቄ እዚህ ጋ ነው። እንዲህ በሰፊ አገር የተዘረጋ ተቋም አይቲውን አዘምኖ ወደ አንድ ማዕከል ላምጣ ሲል ቢያንስ ሦስት ነገር አንድ ማድረግ አለበት።

አንደኛው አድራሻ ነው። ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ የቢሮ ጉዳይ የሚጻጻፈው በግል ጂሜይሉ ነው። ሰውየው ሥራ ሲለቅ የአሥር ዓመት ደብዳቤ አብሮት ይለቃል። ሁለተኛው ማስቀመጫ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ በየፊናው ሰርቨር ገዝቶ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ በአንድ ቬንትሌተር እያቀዘቀዘ ከሚኖር፣ በደንብ የሚጠበቅ የጋራ ማስቀመጫ ይረክሳል። በጅምላ መግዛት ከችርቻሮ እንደሚያዋጣ ለማወቅ ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም፤ መርካቶ መሄድ ይበቃል።

ሦስተኛው ግን ማንም የማያወራለት ነው፦ አጻጻፍ። አንዱ ምርትን በኩንታል በሄክታር ይጽፋል፣ ሌላው በኪሎ፣ ሌላው «በፕሎት» ብሎ የፕሎቱን ስፋት ሳይጽፍ ይተወዋል። በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት የወጣውን ታዋቂውን የጤፍ ዝርያ አንዱ «ቁንጮ» ይለዋል፣ ሌላው «ኩንቾ»፣ ሦስተኛው በኮዱ «ዲዜድ-ሲአር-387» ብሎ ይመዘግበዋል። ለሰው አንድ ጤፍ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያየ ዝርያ። የዓለምን ውድ ሰርቨር ብትገዙ ይህን አያስተካክልላችሁም። የተዘበራረቀ ፋይል ማዕከል ላይ ሲሰበሰብ በአንድ ቦታ የተዘበራረቀ ፋይል ይሆናል፤ በቃ።

20 ሺሕ ጉድጓድ

ይቻላል ወይ ለሚል፣ እዚሁ አገር የተሠራ ምሳሌ አለ።

የአፈርን ጠባይ ለማወቅ ጉድጓድ ይቆፈራል። ባለሙያው ውስጥ ይወርዳል፣ ንብርብሩን አንድ በአንድ ይመረምራል፣ ናሙና ወስዶ ላቦራቶሪ ይልካል። አንድ ጉድጓድ መኪና፣ ነዳጅ፣ አበል፣ ላብ ነው። በአገራችን ባለፉት አሥርት ዓመታት እንዲህ ያለ ጉድጓድ በሺሕ የሚቆጠር ተቆፍሯል። ውጤቱ ግን በየሰው ሪፖርት፣ በየፕሮጀክቱ ሰነድ፣ በየመመረቂያ ጽሑፉ ተበትኖ ነበር። በዚህ መሀል አገሪቱ ትጠቀምበት የነበረው የአፈር ካርታ እ.ኤ.አ. የ1984 ነበር፤ ልኬቱም 1 ለ2,000,000። ይህ ማለት ካርታው ላይ 1 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 20 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ያለው መሬት በሙሉ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። በዚህ ካርታ ለአንድ ገበሬ ምን ልትነግሩት ትችላላችሁ?

ከዚያ የተወሰኑ ተመራማሪዎች «የፈቃደኞች ጥምረት» ብለው ተሰባሰቡ። ስሙን ልብ በሉልኝ፤ የታዘዙ አይደሉም፣ ፈቃደኞች ናቸው። በየእጃቸውና በየተቋሙ ያለውን የአፈር መረጃ አዋጥተው 20,000 የሚጠጋ የጉድጓድ ውጤት በአንድ ማዕከላዊ የመረጃ ቋት አስቀመጡ። ካጸዱትና በአንድ አጻጻፍ ካስተካከሉት በኋላ ለሥራ የተዘጋጀው 14,681 ሆነ። ይህንን ለኮምፒውተር አስተምረው፣ በአንጋፋ የአፈር ባለሙያዎች አስገምግመው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የ18 ዓይነት አፈሮችን አዲስ ዲጂታል ካርታ አሳተሙ። አሁን አንዷ የካርታ ነጥብ 250 ሜትር በ250 ሜትር ናት፤ ስድስት ሄክታር ገደማ።

አዲስ ጉድጓድ በመቆፈር አይደለም ይህ የመጣው። ተቆፍሮ የተረሳውን በመሰብሰብ ነው።

ጥቅሙ የት ነው ካላችሁ፣ ለረጅም ዓመታት ለገበሬው ይሰጥ የነበረው የማዳበሪያ ምክር በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ የሚል ነበር። መሬቱ መረሬ ይሁን ቀይ፣ ደጋ ይሁን ቆላ። ማዳበሪያው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ ገበሬውም ከኪሱ ነው የሚከፍለው። ስለዚህ የተበተነ ፋይል የአይቲ ክፍል ችግር ብቻ አይምሰላችሁ። እንጀራው ላይ ይደርሳል።

ደግሞ ሌላውን ቁጥር እዩት። ከ20,000ው ከ5,000 በላይ የሚሆነው እስከ መጨረሻው አልደረሰም። እንዲህ ያለ የድሮ መረጃ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው የተቆፈረበት ቦታ በትክክል ስላልተጻፈ፣ ወይም አንድ ዓምድ ባዶ ስለቀረ ነው። ያኔ አንድ መስመር መጻፍ ሁለት ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ዛሬ ግን ማንም ሊሞላው አይችልም።

ለምን አይሰጡም?

«ታዲያ ሁሉም ለምን አይሰጥም?» ትሉ ይሆናል። ሰፈራችሁ ለዘበኛ ሲዋጣ የማያዋጣ ጎረቤት ታውቃላችሁ አይደል? ዘበኛው የእሱንም በር ይጠብቃል፤ ስለዚህ ባያወጣም ይጠቀማል። ጥቅሙ የሁሉ፣ ወጪው ግን የአንድ ሰው የሆነ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው።

ዳታም እንዲሁ። ከእንጀራ የሚለየው እኔ ስበላው ለእናንተ አለማለቁ ነው፤ እንዲያውም ብዙ ሰው ሲጠቀምበት ዋጋው ይጨምራል። ግን ራሳችሁን ተመራማሪው ቦታ አድርጉት። የደረጃ ዕድገቱ የሚታየው ባሳተመው ጽሑፍ ነው። ፋይሉን ዛሬ ቢሰጥ ነገ ሌላ ሰው ቀድሞት ሊያሳትምበት ይችላል። አጽድቶ ለማስረከብ ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ማንም አያመሰግነውም። ስለዚህ ፋይሉን ላፕቶፑ ላይ ቆልፎ ቢይዝ ስግብግብ ሆኖ አይደለም፤ ሒሳቡ እንደዚያ ስለሚል ነው።

ሒሳቡን መቀየር ይቻላል። ዳታ ማስረከብ እንደ ጽሑፍ ማሳተም ለዕድገት ይቆጠር። ባለቤቱ መጀመሪያ እንዲያሳትምበት አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይሰጠው፣ ከዚያ ይከፈት። ዳታውን የተጠቀመ ሁሉ ስሙን የመጥቀስ ግዴታ ይኑርበት። ያልተረከበ ዳታ ያለው ፕሮጀክት ደግሞ ቀጣዩ በጀት አይለቀቅለት። ይህ ሁሉ ከሰርቨር ግዥ በፊት መምጣት አለበት። እኛ አገር ግን ብዙ ጊዜ ጨረታው ይቀድማል፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ሰርቨሩ ባዶውን ይበርዳል።

የደመራ ዕለት ኮሪያ ላይ የሆነው

ሁሉን አንድ ቦታ ማስቀመጥ ብቻውን መዳን ከመሰላችሁ ደግሞ ደቡብ ኮሪያን እዩ። በኢንተርኔት ፍጥነት ስማቸው የታወቀ ነው። መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እኛ ደመራ በምናበራበት ዕለት፣ ዴጆን ከተማ ባለው የመንግሥት የዳታ ማዕከል ከባትሪ የተነሣ እሳት ገባ። በመቶዎች የሚቆጠሩ የመንግሥት አገልግሎቶች ቆሙ። ከሁሉ የከፋው ግን «ጂ-ድራይቭ» የሚባለው የመንግሥት ሠራተኞች የጋራ ማስቀመጫ ነበር፤ 858 ቴራ ባይት መረጃ ይዞ ጠፋ። 128 ጊጋ ባይት የሚይዝ ስልክ ቢሆን ከ6,700 በላይ ስልክ ሙሉ ማለት ነው። ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ አልነበረውም፤ ምክንያቱ ሲጠየቅ «መጠኑ በጣም ትልቅ ስለሆነ» ተባለ። በጣም የተጎዳው ሠራተኞቹን በየኮምፒውተራችሁ ላይ ምንም አታስቀምጡ፣ ሁሉን እዚያ ክተቱ ያለው መሥሪያ ቤት ነበር። መመሪያውን በደንብ ያከበረው ተቀጣ።

የሚገርመው የግብርና ሰዎች ይህን ትምህርት በዘር ያውቁታል። ሶርያ ሐሌፖ አጠገብ የነበረው ኢካርዳ የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል በጦርነቱ ምክንያት የዘር ባንኩን መጠቀም ሲያቅተው እ.ኤ.አ. በ2015 ኖርዌይ ስቫልባርድ በረዶ ውስጥ ካስቀመጠው ቅጂ አውጥቶ ሊባኖስና ሞሮኮ ላይ እንደገና ዘራው። ዘርን በሁለት ቦታ የሚያስቀምጥ ሙያ ፋይልን በአንድ ቦታ ማስቀመጥ የለበትም።

ለእኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ኔትወርክና መብራት። ሁሉ ነገር አዲስ አበባ ካለ ሰርቨር ጋር ካልተገናኘ አይሠራም ከተባለ፣ መስመር በተቋረጠ ቁጥር የክፍለ አገር ጣቢያው ሥራ ይፈታል። ሰውም ወደ ፍላሹ ይመለሳል። ሥርዓቱ ማሳ ላይ ያለ ኢንተርኔት መዝግቦ፣ ኔትወርክ ሲመጣ ራሱ የሚልክ መሆን አለበት። ቴሌግራም ላይ ኔትወርክ ሳይኖር የጻፋችሁት መልእክት ሰዓቷን አሳይቶ ቆይቶ መስመር ሲመጣ እንደሚሄደው ማለት ነው። ዘዴው ኪሳችሁ ውስጥ አለ።

እኔም «እሱ» ነበርኩ

ይህን ጽሑፍ ስጨርስ አንድ ነገር ከነከነኝ። ያ በስንት መከራ የሰበሰብኩት፣ ሁለቱን ፋይል አመሳክሬ ያስተካከልኩት የወረዳ ዳታ የት ነው? ፈልጌ ፈልጌ አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ አገኘሁት፤ ፎልደሩ «የመጨረሻ የመጨረሻ 3» ይላል። ከእኔ ሌላ ማንም ጋ የለም። ለካ ለሚቀጥለው ተማሪ «ዳታው ያለው እሱ ላፕቶፕ ላይ ነው» የሚባልለት ሰው እኔ ሆኛለሁ።

አንድ ምሽት ተቀምጬ አጸዳሁት። የትኛው ዓምድ ምን እንደሆነ፣ መለኪያው ኩንታል ይሁን ኪሎ፣ ሁለቱ ቁጥሮች የት እንደተለያዩ በአንድ ገጽ ጽፌ ለቢሮው ላክሁት። በማግስቱ «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» የሚል መልስ መጣ።

ከግል ጂሜይል።