አብራሪው ለምን እንዲያ አደረገ?

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ገና መሬት ከመልቀቁ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገባ። አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ሊመለሱ ሲታገሉ የሞተር ኃይል ከዳቸውና ጎማ ሳይዘረጉ ሜዳ ላይ በሆዱ አሳረፉት። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ፤ 69ኙ ተረፉ።

ጎጃም የደረሰው ይህ አደጋ መነሻው ወፍ ነው። ብዙ አደጋ ግን እንዲህ ለይቶለት አይገኝም፤ «የአብራሪ ስህተት» ይባልና መዝገቡ ይዘጋል። «ሂውማን ፋክተርስ» የሚባለው የጥናት ዘርፍ ያን የተዘጋ መዝገብ መልሶ ይከፍታል። በደንብ የሠለጠነ፣ ጤነኛ፣ ሕይወቱንም የሚወድ ሰው ያን ስህተት እንዴት ሊሠራ ቻለ?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቢ-17 የተባሉት ቦምብ ጣዮች በሰላም መሬት ከነኩ በኋላ ጎማቸው እየታጠፈ በሆዳቸው ይተኙ ነበር። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ አብራሪዎቹን ከመመርመር ይልቅ ወንበራቸው ፊት ያለውን ነገር አየ። የጎማው ማዘዣና የፍላፑ (ከክንፉ የሚዘረጋውና የሚሰበሰበው ክፍል) ማዘዣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ መልካቸውም አንድ ነው። ደክሞት የተመለሰ ሰው ፍላፕ እሰበስባለሁ ብሎ ጎማውን ያጥፋል። መፍትሔው ተግሣጽም ቅጣትም አልሆነም፤ በአንዱ ጫፍ ላይ ትንሽ ክብ ጎማ፣ በሌላው ላይ የክንፍ ቅርጽ ተገጠመ። እጅ በጨለማም ለይቶ ያውቀዋል። ዛሬም የመንገደኛ አውሮፕላን የጎማ እጀታ ጫፉ ጎማ ይመስላል።

ከእጀታ የሚከብደው የሰው ለሰው ነገር ነው። በእኛ ዘንድ ታላቅን ማቋረጥ ነውር ነው፤ «አንቱ» እያሉ ላደጉት ደግሞ ይብሳል። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ከቤይሩት ተነሥቶ ባሕር ውስጥ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን 90 ሰዎች አለቁ። የሊባኖስ መርማሪዎች ዋናው አብራሪ አውሮፕላኑን መቆጣጠር እንደተሳነው፣ ረዳቱም ጣልቃ ለመግባት እንዳመነታ ጻፉ። አየር መንገዱ ድምዳሜውን አልተቀበለም። ክርክሩ ምንም ይሁን ምን፣ ረዳት አብራሪ «ካፒቴን፣ ፍጥነታችን እየወረደ ነው» ብሎ በግልጽ እንዲናገር፣ ካፒቴኑም እንዲሰማው ማሠልጠን የዚህ ዘርፍ ትልቁ ትሩፋት ይመስለኛል። አክብሮት መሬት ላይ ይቆየን።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ 8 በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች አለቁ። አውሮፕላኑ አየሩን የሚገጥምበትን ማዕዘን የሚለካው በግራ በኩል ያለው መለኪያ የተሳሳተ ንባብ ሰጠ፤ ኤምካስ የተባለው አውቶማቲክ ሥርዓት እሱን አምኖ አፍንጫውን ወደ ታች ገፋ። አብራሪዎቹ ፊት መሪው ይንቀጠቀጣል፣ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ይጮኻል፣ ሌላ ድምፅ «እንዳትወርድ» ይላል። በመመሪያው መሠረት የጭራውን አግድም ክንፍ የሚያንቀሳቅሰውን የኤሌክትሪክ ማዘዣ አጠፉ፤ ሞተሮቹ ግን በመነሻ ኃይላቸው ላይ ስለነበሩ ፍጥነቱ አይሎ ያንኑ ክንፍ ለማንቀሳቀስ በእጅ የሚዞረው ሽክርክሪት አልዞር አለ። ማዘዣውን መልሰው ሲያበሩት ኤምካስ ዳግም ገፋው።

ቦይንግ አብራሪ እንዲህ ያለውን ብልሽት በጥቂት ሴኮንዶች ይለየዋል ብሎ ነበር ያሰላው። የራሱ የሙከራ አብራሪ ግን በሲሙሌተር ከ10 ሴኮንድ በላይ እንደፈጀበት የአሜሪካ ምክር ቤት ምርመራ አጋልጧል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድም ስሌቱ የማንቂያዎቹን መደራረብ እንዳላገናዘበ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ገለጸ። ይኸው ቦርድ ኋላ ላይ የኢትዮጵያን የመጨረሻ ሪፖርት የአብራሪዎቹን ሁኔታ በበቂ አላየም ሲል ተቸ። ትችቱ ሊደመጥ ይገባል። ሆኖም በአንድ መለኪያ ስህተት አውሮፕላን የሚጥል ሥርዓት ሠርቶ ማረሙን ለሰው እጅ መተው ከሁሉም የከፋው ጥፋት ነው።

አሁን ኤምካስ ሁለቱንም መለኪያዎች ያነጻጽራል፤ ማክስ የሚያበርሩ ሁሉ አስቀድመው በሲሙሌተር ይሠለጥናሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በጥር 2014 ዓ.ም. ማክስን ወደ በረራ መልሷል።