መንገድ ስለሚጠፋባቸው አረጋውያንና ስለ ፍለጋቸው አዋጅ

ሕፃን ልጅ ከእናቱ እጅ አምልጦ በገበያ መካከል የጠፋ እንደ ኾነ የሰማው ሰው ኹሉ ሥራውን ጥሎ ይነሣል፤ ነጋዴውም መደቡን ለጎረቤቱ ዐደራ ብሎ ይሮጣል፤ ልጁ እስኪገኝ ድረስ የሚያርፍ የለም። ነገር ግን የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ በማለዳ ከቤታቸው ወጥተው እስከ ማታ ሳይመለሱ የቀሩ እንደ ኾነ ቤተ ሰቡ በመጀመሪያ የሚለው «ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ይኾናል፤ ከዘመድ ቤት አምሽተው ይኾናል» ነው። በዚህም ኹኔታ ሌሊቱ ያልፋል። መጥፋታቸው ለሰው የሚነገረው ብዙ ጊዜ በማግሥቱ፤ አንዳንድ ጊዜም በሦስተኛው ቀን ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንገልጸው የምንወደው ነገር ይህ የመጀመሪያው ሌሊት በከንቱ እንዳያልፍ ሌሎች ሕዝቦች ምን እንዳደረጉ፤ እኛም ምን ልናደርግ እንደምንችል ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ኹሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መኾናቸውን አንባቢ ይረዳልን ዘንድ እንለምናለን።

የመርሳት በሽታ የእርጅና ጠባይ ብቻ አይደለም። ከዚህ ዓይነት ሕመሞች ዋና የኾነውን የጀርመኑ ሐኪም አሎይስ አልዝሃይመር በ1906 ለባልንጀሮቹ ሐኪሞች ከገለጸው ወዲህ፤ የአንጎል ሕዋሳት ቀስ በቀስ የሚሞቱበት ደዌ መኾኑ እየታወቀ ሄዷል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ያህል ሕሙማን እንደ ነበሩ፤ ከነዚህም ከመቶው 60 የሚበልጡት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በኾኑ አገሮች እንደሚኖሩ አስታውቋል። እንግዲህ «ይህ የባለጸጎች አገር በሽታ ነው» የሚለው ንግግር ስሕተት መኾኑ በዚህ ይታወቃል።

በሽታው አስቀድሞ የሚወስደው የቅርቡን ነገር ነው፤ የሩቁን ግን እስከ መጨረሻው ይተወዋል። ይህን ጽሑፍ የሚጽፈውን ሰው ዳዊት ያስተማሩት የኔታ በመጨረሻ ዘመናቸው የልጅ ልጆቻቸውን ስም ረስተው ነበር፤ ዳዊቱን ግን አንድ ቃል ሳያጎድሉ ያደርሱት ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መቋሚያቸውን ይዘው ከቤት ወጡ። ሰፈሩም ኹሉ ወደሚያስቀድሱበት ደብር በሚወስደው መንገድ ፈለጋቸው፤ አልተገኙም። የተገኙት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያውም ማንም ባላሰበው አቅጣጫ፤ በልጅነታቸው ቅኔ ወደ ተማሩበት አገር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ያገኟቸውን ሰዎች «አትያዙኝ፤ መምህሩ ይቈጡኛል» አሏቸው። በሕይወት ተገኙ፤ ነገር ግን ሁለት ሌሊት በብርድ ስላደሩ ከዚያ በኋላ ከመኝታቸው አልተነሡም።

በእንግሊዝ አገርም ጆርጅ ኸርበርት የሚባሉ፤ በ1944 በኖርማንዲ የባሕር ዳርቻ ከዘመቱት ወታደሮች አንዱ የኾኑ ሰው፤ በዚህ በሽታ ተይዘው ሳለ የልጅነት ቤታቸውን ለመፈለግ ወጥተው ሞቱ። ከዚህ የተነሣ የእንግሊዝ ፖሊሶች በስማቸው የተጠራ ደንብ አወጡ። ይኸውም የታማሚው ቤተ ሰብ አደጋ ሳይደርስ አስቀድሞ አንድ ወረቀት እንዲሞላ የሚያደርግ ነው። በወረቀቱም የሰውየው መልክ፤ የቅርብ ጊዜ ፎቶግራፍ፤ የሚወስደው መድኃኒት፤ የቀድሞ ቤቱና የቀድሞ የሥራ ቦታው፤ አዘውትሮ የሚሄድበት ስፍራ ይጻፋል። ወረቀቱ በቤት ይቀመጥና የጠፋ ዕለት ለፖሊስ ይሰጣል። ደንግጦ የሚያለቅስ ልጅ የአባቱን የሸሚዝ ቀለም እንኳ ለማስታወስ እንደሚቸገር የሚያውቅ ሰው የዚህን ወረቀት ጥቅም ወዲያው ያስተውለዋል።

የጠፉ ሰዎችን በመፈለግ ሥራ የለመዱ ሰዎችም የሚናገሩት ሌላ ነገር አለ። በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ከወጣ በኋላ የሚያግደው ነገር እስኪያገኝ ድረስ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከቍጥቋጦ ወይም ከፈፋ ውስጥ ገብቶም መውጣት ይሳነዋል። ስሙን እየጠሩ ቢያልፉም ብዙ ጊዜ አይመልስም። ስለዚህ ፈላጊው በጆሮው ብቻ ሳይኾን በዓይኑም፤ በሩቅ ብቻ ሳይኾን ከቤቱ ጓሮ ጀምሮ ሊፈልግ ይገባዋል።

ከኹሉ ይልቅ በዚህ ነገር የተፈተነው የጃፓን ሕዝብ ነው። በዚያ አገር በመርሳት በሽታ ምክንያት ጠፍተዋል ተብሎ ለፖሊስ የተነገረላቸው ሰዎች በ2012 ከ9 ሺሕ ጥቂት ይበልጡ ነበር፤ በ2023 ግን ከ19 ሺሕ አለፉ። በ2024 በመጠኑ ቀንሶ ከ18 ሺሕ በላይ ኾነ፤ ከነርሱም 491 ሞተው ተገኙ። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ይህን ነው፤ ከሞቱት መካከል ከሦስት አራተኛ የሚበልጡት የተገኙት ከጠፉበት ስፍራ በ5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነበር። በእግር ሊደረስበት በሚችል ስፍራ፤ ምናልባትም የሰው ድምፅ በሚሰማበት ቦታ ሞቱ ማለት ነው።

ጃፓኖች ይህን ቀድመው ያስተዋሉት በሰሜኑ ደሴት በሆካይዶ ባለችው በኩሺሮ ከተማ ነው። በ1994 በዚያች ከተማ ፖሊሶች፤ የጤና ሠራተኞች፤ የታክሲ ነጂዎችና የራዲዮ ጣቢያ ተባብረው፤ አንድ ሽማግሌ ጠፋ በተባለ ጊዜ ወሬው ወዲያው ለኹሉም የሚደርስበትን መረብ ዘረጉ። ይህም ሥርዓት ወደ ሌሎች ከተሞች ተዳረሰ። በደቡብ ያለችው ኦሙታ፤ ቀድሞ የድንጋይ ከሰል ይወጣባት የነበረችው ከተማ፤ ከ2004 ጀምሮ ሕዝቡን በልምምድ ታስተምራለች። አንድ ሰው የጠፋ መስሎ በጎዳና ይዘዋወራል፤ ማስታወቂያው በቴሌፎን ይላካል፤ ሕዝቡም፤ የተማሪ ቤት ልጆች ሳይቀሩ፤ ሰውየውን ፈልጎ ማነጋገርን ይለማመዳል። ስለ አነጋገሩም ሦስት ነገር ያስተምራሉ፤ አታስደንግጠው፤ አታስቸኵለው፤ ክብሩን አትንካበት። ከኋላ መጥቶ ትከሻውን የያዘው እንደ ኾነ ያ ሽማግሌ ይሸሻል። ከፊት ለፊት፤ አንድ ሰው ብቻ ኾኖ፤ በዝግታ ሰላምታ የሰጠው እንደ ኾነ ግን ቆሞ ይሰማዋል። ይህ ትምህርት ከመሣሪያው ኹሉ ይበልጣል ብለን እናምናለን።

ስለ መሣሪያም ካነሣን፤ በቶኪዮ አቅራቢያ ያለችው ኢሩማ ከተማ በ2016 በቴሌፎን የሚነበብ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል የኾነ ምልክት በታማሚው ጥፍር ላይ መለጠፍ ጀመረች፤ ያገኘው ሰው ሲያነበው የከተማውን መሥሪያ ቤት የቴሌፎን ቍጥርና የሰውየውን መለያ ያገኛል። አንዳንዶች ግን «ሰው እንደ ዕቃ ምልክት ይለጠፍበታልን?» ብለው ነቀፉት። ነቀፌታው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነገር ግን ልብስና ጫማ ይለወጣል፤ ጥፍር ግን ከሰውየው ጋራ ይሄዳል የሚለውም መልስ የሚናቅ አይደለም።

በዚያው አገር በ2007 አንድ የ91 ዓመት ሽማግሌ ባለቤታቸው ጥቂት ሲያንቀላፉ ከቤት ወጥተው በባቡር ተገጭተው ሞቱ። የባቡሩ ኩባንያ ባቡሮቹ ስለ ዘገዩበት ከ7 ሚሊዮን የን በላይ ካሣ ከቤተ ሰቡ ጠየቀ፤ የመጀመሪያውም ፍርድ ቤት ይክፈሉ ብሎ ፈረደ። የ85 ዓመት አሮጊት ባላቸውን ለምን ሌት ተቀን አልጠበቁም ማለቱ ነው! ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2016 ፍርዱን ሽሮ ቤተ ሰቡን ነጻ አወጣ። ይህ ፍርድ ለኛም ሹማምንት ትምህርት አለው። ጥፋቱ ኹሉ በጠባቂው ላይ የተጫነ እንደ ኾነ ጠባቂው ወይ በር ይቈልፋል፤ ወይም መጥፋቱን ይደብቃል።

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ደግሞ ለተጠለፉ ሕፃናት ከ1996 በኋላ የተጀመረውን የማስጠንቀቂያ ሥርዓት አይተው «የብር ማስጠንቀቂያ» የሚባለውን ለአረጋውያን አቆሙ፤ ስሙም የሽበትን መልክ የሚያስታውስ ነው። የፍሎሪዳ ግዛት ለምሳሌ በ2008 በአገረ ገዥው ትእዛዝ ጀመረችው። በዚያ አገር ሽማግሌው የሚጠፋው ብዙ ጊዜ አውቶሞቢል እየነዳ ስለ ኾነ የመኪናው ዓይነት፤ ቀለምና ሰሌዳ በአውራ ጎዳና ላይ በተተከሉ የመብራት ጽሕፈቶች ይገለጻል። ነገር ግን አንድ ችግር ተከትሏል። ማስጠንቀቂያው ለሰፊ አገር ኹሉ የሚነገር ከኾነና በየጊዜው የሚደጋገም ከኾነ ሰሚው ይሰለቻል። «ነብር መጣ» እያለ በሐሰት የጮኸውን እረኛ በመጨረሻ ማንም አልሰማውም፤ ጩኸቱ እውነት ቢኾንም እንኳ ከበዛና ከሩቅ ከመጣ ዕጣው ያው ነው። ስለዚህ ከሁለቱ አካሄዶች፤ ለግዛት ኹሉ ከሚነገረው ይልቅ ለአንድ ሰፈርና ለአጐራባቾቹ የሚነገረውን እኛ እንመርጣለን። ከላይ የጠቀስነው የ5 ኪሎ ሜትሩ ነገርም ይህን ያጸናልናል።

ወደ አገራችን ስንመለስ የጠፋ ሰው ማስታወቂያ በራዲዮና በቴሌቪዥን መስማት አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬም ሰው ኹሉ ፎቶግራፉን በቴሌፎን ለወዳጁ ያስተላልፋል፤ ሽማግሌው ከተገኙ በኋላ ግን «ተገኝተዋል» ብሎ የሚያስተላልፍ ጥቂት ስለ ኾነ ሥዕሉ ለወራት ሲዞር ይኖራል። ይህ ለክብራቸው ጕዳት ነው፤ አእምሯቸው የደከመ ሰው መኾናቸውንም ለአታላይ ያመለክታል። አዋጁን የሚያወጣ አንድ የታወቀ እጅ ካለ ግን አዋጁን የሚሽርም እርሱ ይኾናል።

ያ እጅ ከወዴት ይገኛል ቢባል፤ ሩቅ አይደለም። በየከተማው ያለው ዕድር የአባሎቹን ስምና ቤት በመዝገብ ጽፎ ይዟል። ሰው የሞተ እንደ ኾነ ገና ሳይነጋ ጥሩምባ ነፊው በየደጁ ዞሮ ይናገራል፤ በአንዳንዱ ሰፈር ዛሬ በቴሌፎን መልእክት ተተክቷል፤ ሥራው ግን አንድ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰፈሩን ኹሉ የሚቀሰቅስ ይህ ጥሩምባ ለሞተው ብቻ መነፋቱ ስለ ምንድር ነው? ሽማግሌው በፈፋ ውስጥ ወድቀው ገና በሕይወት ሳሉ ቢነፋ ምን ይከለክላል? ሕጉን የሚያሻሽለው የዕድሩ ጉባኤ ነው፤ የሚያስፈልገውም አንድ አንቀጽና ከነፊው ጋራ የሚደረግ ስምምነት ነው።

ካህናትም በዚህ ነገር ታላቅ ድርሻ አላቸው። መንገድ የጠፋበት ሽማግሌ እግሩ ከሚመራው ስፍራ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሁለት ቀን ያደረ ሰው ልብሱ አድፎ፤ ጫማው ወልቆ ከደጀ ሰላሙ የተቀመጠ እንደ ኾነ አላፊ አግዳሚው የኔ ቢጤ መስሎት ሳንቲም ሰጥቶ ያልፈዋል፤ «አባቴ፤ ከወዴት መጡ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። ስለዚህ የደጁ ዘበኛ አዲስ ፊት ባየ ጊዜ ለአስተዳዳሪው እንዲነግር፤ የጠፋም ሰው ሲኖር ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ እንዲገለጽ ማድረግ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ጠበል ባለበት ስፍራም እንዲሁ ነው፤ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ስለሚበዛ ሰው ቢጠፋ የሚታወቀው በጭንቅ ነው።

ከኹሉ የሚከብደው ግን ሐፍረት ነው። «አባታችን ጃጁ» ተብሎ እንዳይነገር በሽታውን የሚሰውሩ ብዙዎች ናቸው፤ የተሰወረውንም በሽታ ዕድሩም ፖሊሱም አስቀድሞ ሊያውቀው አይችልም። ጃፓኖች ይህን ስላወቁ በ2004 የአእምሮ መጥፋትንና ሞኝነትን ያመለክት የነበረውን የበሽታውን የቀድሞ ስም በመንግሥት ፈቃድ ለውጠው፤ የማወቅ ችሎታ ሕመም የሚል ትርጕም ያለው አዲስ ስም አወጡለት። እኛም «መጃጀት» የሚለውን ቃል ከሣቅ ጋራ መናገር ብንተው መልካም ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 3 ልጅ አባቱን ልቡናው ቢጐድል እንኳ ይታገሠው ዘንድ እንደሚያዝ ካህናት ከኛ ይልቅ ያውቁታል፤ በስብከታቸው ቢያነሡት ከብዙ አዋጅ ይልቅ በርን ይከፍታል።

ለሹማምንት የምናሳስበው ጥቂት ነው። ማንኛውም የፖሊስ ጣቢያ እንዲህ ያለ ወሬ በደረሰው ሰዓት፤ «ነገ ተመለሱ» ሳይል፤ ይመዝግብ። የወረዳው ጽሕፈት ቤትም ከእንግሊዞቹ ጋራ የሚመሳሰል አንድ ገጽ ወረቀት አሳትሞ ለዕድሮች ይስጥ። በወረቀቱም ላይ ከመልክና ከልብስ አስቀድሞ «የተወለዱበትና የተማሩበት ስፍራ» የሚለው ጥያቄ ይጻፍ፤ የት እንደሚሄዱ የሚናገረው እርሱ ነውና።

የኔታን ከተገኙ በኋላ ሰዎች በሄዱበት መንገድ እየተመለሱ ሲጠይቁ ሦስት ሰው አይቷቸው እንደ ነበረ ታወቀ። አንዷ ሴት በመጀመሪያው ማታ ከደጇ አስቀምጣ እንጀራ ሰጥታቸው፤ መርቀዋት ሄደው ነበር። «ጠፉ የሚል ብሰማ ኖሮ ከቤቴ አሳድራቸው ነበር፤ ማን ነገረኝ?» ብላ አለቀሰች። ቤቷ ከየኔታ ቤት የአንድ ሰዓት መንገድ አይሞላም ነበር።