«ፕራይስለስ» ያጣላቸው ፍቅረኞች

አንድ ወዳጃችን በልደቱ ዕለት ከፍቅረኛው ፖስትካርድ ይደርሰዋል። በእንግሊዝኛ «ዩ አር ፕራይስለስ» ይላል። ልጁ ከቃል መጨረሻ የምትለጠፈው «ለስ» «የሌለው» ማለት መሆኗን ያውቃል፤ ሆምለስ ቤት አልባ፣ ጆብለስ ሥራ አጥ፣ ሆፕለስ ተስፋ ቢስ። ታዲያ ፕራይስለስ? «ዋጋ ቢስ አለችኝ!» ብሎ ሁለት ሳምንት ሙሉ አኮረፋት። ስትደውልም ስልኩን አላነሳ አለ።

እናንተዬ፣ በልጁ ብቻ አትፍረዱ። አማርኛችን አልባ፣ አጥ፣ ቢስ እያለ የሚለየውን እንግሊዝኛ በአንዲት «ለስ» ይጠቀልለዋል። ፕራይስለስ ዋጋ የማይተመንለት፣ እንደ እናት ያለ ማለት ነው። ስድቡ ዎርዝለስ ነው፤ እሱ ከመጣ እንኳ ማኩረፍ ይቻላል! ደግሞ «ለስ» ለብቻው ሲቆም «ያነሰ» ስለሆነ፣ ሆምለስን «ትንሽ ቤት ያለው» የሚል አይጠፋም። ሩትለስስ? ሩት የምትባል ልጅ ያጣች ነፍስ እንዳይመስላችሁ፤ ጨካኝ ነው። «ሩት» ርኅራኄ የሚል የድሮ ቃል ነበር፤ ዛሬ ለብቻው የሚጠራው የለም ማለት ይቻላል።

ልጁ ይህን ሲሰማ ስፒችለስ ሆነ፣ አፉ ተያዘ። ለካ ካርዱን ቀዶት ኖሯል። አሁን ቁርጥራጩን በፕላስተር እያጣበቀ ነው። እሷ ግን ስልክ አታነሳም።